የባለ ጆሮው ታምቡር

ሰው ሞኝነቱን የሚያውቀው ቀስ በቀስ ነው ይላሉ። የእኔ ግን በሁለት ቀን ተጠናቀቀ። የመጀመሪያው ቀን ሰማይ ላይ፣ በቀበቶ ታስሬ ነበርኩ፤ ሁለተኛው ቀን መሬት ላይ፣ አስራ አምስት መካኒክ ከቦኝ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እንደፈለጋችሁ ሳቁብኝ፤ እኔ ስቄ ጨርሻለሁ።

መካኒክ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞተር ሥር ተኝቻለሁ። በሰፈሩ ስሜን የሚያውቅ የለም፤ «ባለ ጆሮው» ነው የሚሉኝ። ስሙ የወጣልኝ በወጣትነቴ ነው። ረጅሙን ካቻቪቴ እወስድና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ግራ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ። ከዚያ «ሦስተኛው ፒስተን ነው» እላለሁ። ሲፈታ ሦስተኛው ፒስተን ይሆናል። ሌላው ፈትቶ ነው የሚያውቀው፣ እኔ አውቄ ነው የምፈታው እያልኩ እፎክር ነበር። እንዲያውም ይህችን ንግግር ጋራዤ በር ላይ ላጽፋት ስል ባለቤቴ ናት፣ ተው ሰው ይታዘብሃል ብላ ያስቀረችኝ።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትንሽ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ ጋራዥ ነበር የምትገባው። አድጋም አልተዋትም። ቴክኒክ ተምራ፣ ዲፕሎማዋን ይዛ መጥታ ቱታዋን ለበሰች። እጇ ወርቅ ነው፤ ይህን ክጄ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አልፈቅድላትም ነበር፤ ካቻቪቴውን ጆሮዋ ላይ ማድረግ። «እጅ አለሽ፤ ጆሮ ግን የለሽም» እላታለሁ፣ ያውም በደንበኛ ፊት። ጆሮ በዲፕሎማ አይገኝም፣ ሲፈጠሩ የሚሰጥ ነው ብዬ ትምህርት እሰጣለሁ። እሷ ግን ሳዳምጥ በግራዬ በኩል ትቆማለች፤ አንድ እጇን ሞተሩ ላይ ታሳርፍና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ትጠይቀኛለች።

«አባዬ፣ የውሃ ፓምፑ ይሆን እንዴ?»

እኔም ቅንድቤን ሰብሰብ አድርጌ፣ ትንሽ ቆይቼ፣ ልናገረው ስል ቀደምሽኝ፣ የውሃ ፓምፑ ነው እላለሁ። ደንበኛው ይገረማል። እኔም በልቤ፣ ልጅቷ እየጠየቀች እየተማረች ነው፣ ዕድሜ ከሰጣት ትደርስበት ይሆናል እላለሁ። «ቀደምሽኝ» ስል ማንም አልሳቀብኝም። ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን ሩቅ ከተማ ካለ የአውቶቡስ ድርጅት ስልክ ተደወለልኝ። የጋራዣቸው ኃላፊ ነው። ከዓመት በፊት በእኛ ሰፈር ሲያልፍ መኪናው ተበላሽቶበት እኛ ዘንድ ሠርቶ ሄዷል፤ ያኔ ሁለታችንንም አይቶናል። አሁን አንድ አውቶቡሳቸው ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ድምፅ አምጥቷል። ጠዋት ሲነሳ ይጮኻል፤ ትንሽ ቆይቶ ዝም ይላል፤ ቁልቁለት ላይ እንደገና ይመጣል። መካኒኮቹ ሦስት ሳምንት ፈልገው አጡት። እንግዲህ እርስዎ መጥተው ቢያዳምጡልን አለኝ። እንዴት እንዳበጥኩ አልነግራችሁም። ለእኔም ለልጄም የአውሮፕላን ቲኬት ላከልን።

ለልጄ የላከላት ለእኔ ሲል መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ምሳ እየበላን ነገረችኝ። ኃላፊው ለእሷም ደውሎ እዚያው ጋራዥ ምክትሉ ሆና እንድትሠራ ጠይቋታል፤ መልሷን ስትመጣ እንድትነግረው ብሏታል። ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ምግቡ ትን እስኪለኝ ሳቅኩ። እጅሽን አይቶ ነው፤ ጆሮ እንደሌለሽ ሲያውቅ ወር ሳይሞላሽ ይመልስሻል አልኳት። ሳህኗን ወደ ጎን ገፋች። መልሱን እኔው እነግረዋለሁ ብላ ተነሳች። መልሷ እምቢ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። እኔን ትታ የት ትሄዳለች? ደግሞስ ያለ እኔ ምን ትሆናለች? ይህን ሁለተኛውን ነው ከልቤ ያመንኩት።

የጉዟችን ዕለት ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ እንደዋዛ የሚይዝ ሳይሆን አፍንጫን እንደ ቡሽ የሚወትፈው ዓይነት። ባለቤቴ በዚህ ጉንፋን አውሮፕላን አትውጣ፣ ሁለት ቀንም ቢፈጅ በአውቶቡስ ሂድ ብላ ለመነችኝ። የአውቶቡስ ሐኪም በአውቶቡስ ተጉዞ አይደርስም ብዬ መለስኩላት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ለእኔ የተተረተ ነው።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ጆሮዬ ትንሽ ደፈን አለ፤ ምራቄን ዋጥ ሳደርግ ለቀቀኝ። በመስኮት እያየሁ ስለ አውሮፕላኑ ሞተር ለልጄ ማብራሪያ ሰጠኋት፤ የቀኙ ትንሽ ይንኳኳል አልኳት። ምንም አልተንኳኳም። መውረድ ስንጀምር ግን አበሳዬ መጣ። ግራ ጆሮዬን አንድ ሰው ከውስጥ በአውራ ጣቱ የሚጫነኝ መሰለኝ። በወረድን ቁጥር ይብስብኛል። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሆስተሷ አየችኝና መጥታ ከረሜላ ሰጠችኝ። ምራቅዎን ይዋጡ፣ ያዛጉ፣ ጉንፋን ካለብዎ ደግሞ አፍንጫዎን ይዘው በኃይል እንዳይነፉ፣ ከባድ የአየር ግፊት ነው አለችኝ።

ለቀባሪው አረዱት! ለእኔ ነው እንግዲህ ስለ አየር ግፊት የምትነግረኝ። እኔ እኮ ለሠላሳ አራት ዓመት የተደፈነ ቱቦ በኮምፕሬሰር ስከፍት የኖርኩ ሰው ነኝ። ከረሜላውን ለልጄ ሰጠኋትና ነገሩን በሙያ አየሁት። አፍንጫ መግቢያ ነው፤ ጆሮ መውጫ ነው፤ መሐል ላይ ቀጭን ቱቦ አለች፤ ቱቦዋን ጉንፋን ደፍኗታል። የተደፈነ ቱቦ በከረሜላ ሲከፈት አይቼ አላውቅም። የሚከፍተው አየር ነው። ልጄ ክንዴን ይዛ አባዬ ተው አለችኝ። የእኔ መልስ አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ጥርቅም ማድረግ ነበር።

መጀመሪያ በቀስታ ነፋሁ፤ አልከፈት አለኝ። መካኒክ አልከፈት ያለውን ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ፤ ይጨምርበታል። ደረቴን ሞልቼ፣ ጉንጬን ወጥሬ፣ ባለኝ አየር ሁሉ ነፋሁት። ጭንቅላቴ ውስጥ ጧ አለ። ወዲያው ሕመሙ ጥፍት አለ። እንዴት ያለ እፎይታ ነበር መሰላችሁ! «ከፈትኩት!» ብዬ ጮህኩ። ከፊቴ ያሉት ሦስት ረድፎች ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ ለካ የራሴን ድምፅ ስለማልሰማ ነው እንደዚያ የጮህኩት። ሆስተሷን በዓይኔ ፈልጌ በአሸናፊነት ፈገግ አልኩላት።

ልጄ ወደኔ ዞራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አድንቃኝ ቃል ያጠራት መሰለኝ። ከዚያ ሶፍት አውጥታ አንገቴን ጠረገችና አሳየችኝ፤ ቀላ ያለ ውሃ ነው። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ዝገት ነው አልኳት። የተደፈነ ነገር ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ዝገት ነው አልኳት።

ከአውሮፕላኑ ደረጃ ስወርድ መሬቱ ወደ ግራ ዘመም አለብኝ። መደገፊያውን አጥብቄ ያዝኩ። ግራ ጆሮዬ ውስጥ ማንቆርቆሪያ የፈላ ይመስል ያፏጫል፤ ቀኙ በጉንፋን ተወትፏል። ልጄ ሐኪም ቤት እንሂድ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሦስተኛውን ጊዜ በእጇ ምልክት ሁሉ አሳየችኝ። ነገ ጠዋት ሰው ይጠብቀናል፣ አንድ ሌሊት ብተኛበት ይስተካከላል አልኳት። በማግስቱ ስነሳ ትራሱ ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት ቀይ ነጥብ አለች። ትራሱን ገለበጥኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጋራዡ እንደ ሜዳ ሰፊ ነው። ወለሉ ታጥቧል፤ መፍቻዎቹ ሁሉ ግድግዳው ላይ በየቁመታቸው ተሰቅለዋል። አስራ አምስቱ መካኒኮች ሥራ አቁመው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ባለ ጆሮውን ሊያዩ ተሰብስበዋል። ኃላፊው በግራዬ በኩል እየሄደ ብዙ ነገር ይነግረኛል። አንዲቷንም አልሰማሁም፤ ግን ራሴን እየነቀነቅኩ አዎ፣ አዎ እለዋለሁ። በኋላ ልጄ እንደነገረችኝ፣ በጉዞው ታመው ነበር ወይ ሲለኝ አዎ፣ ታዲያ ሥራውን ለነገ እናድርገው ሲለኝ አዎ፣ አይ ዛሬ ይሻላል ሲለኝም አዎ ብያለሁ።

የአውቶቡሱ ሞተር ተነሳ። የኋላው ክዳን ተከፈተ። ከሻንጣዬ ካቻቪቴዬን አወጣሁ፤ የሰዉ ዓይን ካቻቪቴው ላይ ነው። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ግራ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ምንም የለም። ፉጨት ብቻ። ወደ ታች አወረድኩት፤ ፉጨት። ወደ ጎን፤ ፉጨት። አውሮፕላኑ ላይ «ከፈትኩት!» ብዬ መጮኼ ትዝ ሲለኝ ላብ ፊቴን አጠመቀው። ያኔ «ጆሮዬ ታሟል፣ ዛሬ አልችልም» ብል ማን ይቆጣኝ ነበር? ማንም። ግን አፌ እሺ አላለኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። ምን እንደምጠብቅ እኔም አላወቅሁም፤ ብቻ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ስደርስ መልሱ ይመጣልኝ ነበር፤ ዛሬ ቀረብኝ። በጣም ረጅም ጊዜ ጠበቅሁ። ሲጨንቀኝ ዓይኔን ገለጥኩና ከማውቃቸው በሽታዎች ሁሉ ትልቁን መረጥኩ፤ ከእኔ ዝና ጋር የሚመጣጠነው እሱ ነበራ።

«ቢዬላው ተበልቷል። ሞተሩ ይውረድ።»

የኃላፊው ፊት ጠቆረ። ቢዬላ ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ ነው፤ እሱን ለማየት ሞተር ማውረድ የቀናት ሥራ ነው፤ አውቶቡሱ ደግሞ በበነጋው ሊወጣ ነው የታሰበው። ቢሆንም ባለ ጆሮው ተናግሯል፤ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ሰዎቹ መፍቻቸውን ለማምጣት ተበተኑ። ልጄን አየኋት። ሰው ያላሰበውን ነገር ሲሰማ እንደሚሆነው ሆና፣ አፏን ከፍታ ታየኛለች። እጇ አሁንም ሞተሩ ላይ ነው።

ከዚያ እጇን አነሳችና ተራመደች። ማንንም ሳትጠይቅ አውቶቡሱ ውስጥ ገባችና የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፍሬኑን ደጋግማ ረገጠችው። ለእኔ እግሯ ብቻ ነው የሚታየኝ። መካኒኮቹ ግን መንገዳቸው ላይ ቆሙ፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እሷ ጥቂት ደቂቃ ጠበቀች፤ እንደገና ረገጠች። ሰዎቹ ተመልሰው መጡ። የሆነ ነገር እየሰሙ ነው፤ እኔ ብቻ ነኝ ከበዓሉ የቀረሁት። ስትወርድ ቀጥታ ወደኔ መጣች። በግራዬ አይደለም፤ ፊት ለፊቴ ቆመች፤ ከንፈሯን እንዳይ ቃሉን አንድ በአንድ እያለች ተናገረች።

«አባዬ፣ ቢዬላ አይደለም። የፍሬኑ አየር ኮምፕሬሰር ነው። አየሩ ሲጎድል እየሞላ ይጮኻል፤ ሲሞላ ያርፋል።»

ተናደድኩ። በሕይወቷ በሰው ፊት ቃሌን አፍርሳ አታውቅም። ልጅ ናት፣ ጆሮ የላትም፣ አትስሟት አልኳቸው፤ ደግሜም ሞተሩ ይውረድ አልኩ። ኃላፊው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየና ኮምፕሬሰሩን ፍቱት አለ። እሱን መፍታት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሲከፈት ውስጡ አልቋል፤ ብረቱ ብረቱን በልቶ ጨርሶታል። አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አየር አጥቶ ሰው ይዞ ይሄድ ነበር። ይህን ኃላፊው ራሱ ነው የተናገረው፤ ግንባሩን እየጠረገ።

አሁን የምነግራችሁን ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ኮምፕሬሰር የራሱ ትንሽ ቢዬላ አለው፤ የተበላው እሱ ነበር። እኔም «ቢዬላ ነው ብያችሁ አልነበር?» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ልጄ አየችኝ። አፌን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ማንም ወደኔ አልተመለከተም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ እኔም እንደ ተማሪ ተከተልኳት። ሐኪሟ ትንሽ መብራት ያለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ አስገብታ የውስጡን በቴሌቪዥን አሳየችኝ። ታምቡሩ መሐል ላይ ቀዳዳ አለ፤ ጠርዙ የተቀደደ የጎማ ካላማዳሪያ ይመስላል። የሆንኩትን ስነግራት ሳቋ እየመጣባት ላለመሳቅ ታገለች። ፓች አይለጠፍለትም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ወደ ቀኝ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ጮክ እያለች፣ ራሱ ይዘጋል፣ እስከ ሁለት ወር ግን ውሃ እንዳይነካው፣ አውሮፕላን እንዳይወጡ፣ ከሁሉ በላይ ግን እንዳይናፈጡ አለችኝ። ይኼኔ ልጄ ጣልቃ ገባች። ስስ ላስቲክ ያለበትን ዕቃ ላስቲኩን ሳታወጡ በኮምፕሬሰር አትንፉ እያልክ የምትጮኽብን አንተ አይደለህም ወይ አለችኝ። እኔ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ስጮኽ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ተመስገን ነበር። ሐኪሟ ግን ለማንኛውም መስሚያዎን እንለካው አለችና ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብታ ማዳመጫ አጠለቀችልኝ። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ነው። ይሄማ ሙያዬ ነው ብዬ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ። ሐኪሟ በሩን ከፍታ፣ አባቴ፣ ገና ምንም ድምፅ አልላክሁም አለችኝ። ሁለተኛውን ጊዜ በእውነት አዳመጥኩ። ረጅም ዝምታ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ የሐኪሟ እጅ ሲንቀሳቀስ፣ ልጄም ቆማ ስታይ ይታየኛል፤ እኔ ጋ ግን የሚመጣ ነገር የለም።

ሐኪሟ ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሁለት መስመሮች መሐል ድረስ ደህና መጥተው ከዚያ እንደ ገደል ወርደዋል። የታምቡሩ ጉዳት ትንሽ ነው፣ ይድናል አለች። ይሄኛው ግን ሌላ ነው፤ በሁለቱም ጆሮዎ ስስ ስስ ድምፆችን አይሰሙም፤ የቆየ ነው፤ ከሞተር ጩኸት የመጣ ነው፤ ከእንግዲህ ሞተር አጠገብ ጆሮዎን በጥጥ ይድፈኑ። ስንት ዓመት ሊሆነው ይችላል አልኳት። ወረቀቱን አየችና ከአስር አያንስም አለችኝ።

መሣሪያዎ ተሳስቷል አልኳት። እኔ ባለ ጆሮው የምባል ሰው ነኝ አልኳት። ባለፈው ወር እንኳ የዳቦ ቤቱን ጄኔሬተር በጆሮዬ ብቻ አዳምጬ ኢንጀክተሩ መሆኑን ያወቅሁት እኔ ነኝ ብዬ ልቀጥል ስል ቆምኩ። አባዬ፣ ኢንጀክተሩ ይሆን እንዴ? የወፍጮ ቤቱስ ሞተር? አባዬ፣ ቀበቶው ይሆን እንዴ? የአሸዋ ጫኙ መኪና፣ የጎረቤታችን ታክሲ፣ እንዲያው አንድም፣ አንድም እንኳ «ይሆን እንዴ» ሳይኖርበት ያገኘሁት ቢኖር ብዬ ወደ ኋላ ሄጄ ሄጄ አጣሁ። ዛሬ ጠዋት የቀረብኝ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሞተሩን አለመስማቴማ የቆየ ነው፤ ዛሬ ያጣሁት በግራዬ የምትጠይቀኝን ድምፅ ነው። ዞሬ አየኋት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጆሮ ሥዕል እንደ አዲስ ታጠናለች።

ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ነበር፤ እዚያ ተቀመጥን። በቀኜ በኩል ነው የተቀመጠችው። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ከሰማያዊው ሚኒባስ ጀምሮ አለች። ዘጠኝ ዓመት! ሰማያዊው ሚኒባስ እኮ ስንት መካኒክ አቅቶት እኔ ያገኘሁት፣ በየሠርጉ የማወራው ታሪክ ነው። እሷም እዚያው ተቀምጣ ስታጨበጭብልኝ ኖራለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ተረት ለሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጋራዡን ትዘጋዋለህ ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ዓይንህን ጨፍነህ ስታዳምጥ ደስ ትለኛለህ።»

ታዲያ ለኃላፊው ምን ልትይው ነው አልኳት። አልችልም ልለው ነው አለች። ለምን ስላት ጫማዋን አየች። ጆሮ የለሽም፣ ያለ እኔ ምን ትሆኚያለሽ እያልኩ የያዝኳት እኔ መስሎኝ ነበር። ለካ እንዳልወድቅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደግፋ የያዘችኝ እሷ ናት፤ አሁንም ልትቀር ያሰበችው እኔን ልትደግፍ ነው።

አለቀስኩ። ኮሪደር ላይ፣ ሰው እያለፈ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ሆኖ አለቀስኩ። ሰው ሲያለቅስ አፍንጫው ይፈሳል፤ እኔ ደግሞ መናፈጥ ተከልክያለሁ። ስለዚህ አንጠባጠብኩ። ልጄ በሶፍት እየጠረገችልኝ ዝገቱ ነው አባዬ፣ ይውጣ አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ወደ ጋራዡ ተመለስን። እሷ እንግዳ ማረፊያው እንሂድ ብትልም እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። አስራ አምስቱም ነበሩ። ኃላፊውን ሰዎችህን ሰብስብልኝ አልኩት። ምን ያህል እንደምጮኽ አላውቅም ነበር፤ ከፊታቸው እንደገባኝ በጣም ሳልጮኽ አልቀረሁም።

«ጠዋት ቢዬላ ነው ያልኳችሁ ምንም ሳልሰማ ነው። ዘጠኝ ዓመት በእኔ ስም ስታዳምጥ የኖረችው ልጄ ናት። ጆሮ የላትም ማለቴ ውሸት ነው። ከወሰዳችኋት ባለ ጆሮዋን ነው የምትወስዱት።»

ልጄ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለችኝ። አልሰማሁም። ድገሚልኝም አላልኳት፤ ያለችው ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ካቻቪቴዬን ከሻንጣው አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ኃላፊው ደግሞ መልሷን ጠየቃት፤ አልችልም አላለችም።

ወደ ቤቴ የተመለስኩት በዚያው አውቶቡስ ነው፤ አዲስ ኮምፕሬሰር ገጥመውለት። አውሮፕላን ተከልክያለሁ። ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ፣ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። ባለቤቴ በር ላይ ብቻዬን ስታየኝ ልጄስ ብላ ደነገጠች። ሥራ ይዛለች አልኳት። ከዚያ ነገሩን አብዛኛውን ነገርኳት። ስለ ሰማያዊው ሚኒባስ ስነግራት አልደነገጠችም። እሷም ታውቅ ነበር።

ታምቡሬ ሐኪሟ እንዳለችው ዘግቷል። ከሦስት ወር በኋላ አንድ የማውቀው የጭነት መኪና ሹፌር የምትንጫጫ መኪናውን ይዞ ገባ። ባለ ጆሮው፣ እስቲ አዳምጣት አለኝ። ኮፈኑን ከፈትኩ፤ እጄ በልማድ ካቻቪቴ ሊያነሳ ሄደና ባዶውን ተመለሰ። ስልኬን አወጣሁ፣ ደወልኩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ዘይት እንዳይነካው ጀርባውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሞተሩ አጠገብ ያዝኩት። ሹፌሩ አእምሮዬን የሳትኩ መስሎት ትንሽ ሸሸት አለ። ጆሮዬ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ነው፣ ታገስ አልኩት። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ።

«ልጄ፣ የውሃ ፓምፑ ይሆን እንዴ?»

ስታዳምጥ ቅንድቧን ሰብስባ እንደሆነ ታየኝ።

«አይደለም አባዬ። ቀበቶው ነው። ጥጥህን አድርገሃል?»

ሹፌሩ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ጥጡን ከኪሴ አውጥቼ ጆሮዬ ውስጥ ወተፍኩና መፍቻዬን አነሳሁ። ስፈታው ቀበቶው ነበር።